ጥቃቅን የጉልበት መለኪያዎችን መቀየር ለፋብሪካ ሥራ ምን ይጠቅመኛል?

ከድሬዳዋ የጻፉልኝ የሜካኒካል ምህንድስና ተመራቂ፣ ለአንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ የጥራት ላቦራቶሪ ሥራ ሲፈተኑ 3 ኒውተንን ከኒውተን ወደሚያንሱት የጉልበት መለኪያዎች፣ ወደ ዳይንና ወደ ፒኮኒውተን፣ እንዲቀይሩ ተጠይቀው መሳሳትዎን ነግረውኛል፤ ፋብሪካ ውስጥ ማንም የማይነካውን መለኪያ ማጥናት ጊዜ ማባከን እንዳይሆንም ሰግተዋል።

ስጋትዎ ይገባኛል፤ በሲሚንቶ ላቦራቶሪ ፒኮኒውተን አያጋጥምዎትም። ሆኖም የላኩልኝን ስሌት ስመለከት ችግሩ ከመለኪያው ስም ሳይሆን ከአቅጣጫው ነው፤ ማባዛት ሲገባዎ አካፍለዋል። የመቶ ብር ኖት በአንድ ብር ሳንቲም ሲመነዘር ቁጥሩ እንደሚበዛ ሁሉ፣ 1 ኒውተንም ሲመነዘር 100,000 ዳይን ወይም 1,000,000,000,000 ፒኮኒውተን ይሆናል። ስለዚህ መልስዎ 300,000 ዳይን እና 3 ትሪሊዮን ፒኮኒውተን መሆን ነበረበት።

መጠኑን በዓይነ ሕሊና ማየትም ይረዳል። ከቀፊራ ገበያ የገዙት መቶ ግራም ገደማ የሚመዝን ብርቱካን መዳፍዎን የሚጫነው በ1 ኒውተን ገደማ ሲሆን፣ በሕዋስ ውስጥ ጭነት የሚያመላልሰው ኪኔሲን የተባለው ፕሮቲን ግን የሚጎትተው በ6 ፒኮኒውተን አካባቢ ነው። አርተር አሽኪን በ2018 የኖቤል ሽልማት የተጋራበት በብርሃን ጨረር ጥቃቅን ነገሮችን የመያዝ ዘዴ፣ ይህን የመሰለ ጉልበት ለመለካት አስችሏል።

አሁን ወደሚያመለክቱበት ሥራ ልመለስ። በሲሚንቶ ከረጢት ላይ የሚታተመው 42.5 የሚያመለክተው፣ ከሲሚንቶው የተሠራው ናሙና በተሠራ በ28 ቀኑ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር ቢያንስ 42.5 ኒውተን መቋቋም እንዳለበት ነው። የሚጨመቀው ገጽ 40 በ40 ሚሊሜትር፣ ማለትም 1,600 ካሬ ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ማሽኑ በዚህ ጥንካሬ 68 ኪሎኒውተን ያሳያል። ይህንን 68 ወደ 68,000 ኒውተን ሳይቀይር ለ1,600 ያካፈለ ባለሙያ 0.0425 አግኝቶ ደህናውን ሲሚንቶ ውድቅ ያደርጋል። ፈታኞቹ በፒኮኒውተን የመዘኑት ይህንኑ ጥንቃቄ ይመስለኛል፤ በእኔ እምነትም ተገቢ ጥያቄ ነው።

የቅጥያዎችን ዝርዝር በሙሉ መሸምደድ አያስፈልግዎትም፤ ኪሎ፣ ሚሊ፣ ማይክሮ፣ ናኖና ፒኮ ይበቃሉ። ከማስላትዎ በፊት «ቁጥሩ ይበዛል ወይስ ያንሳል?» ብለው ይጠይቁ፣ በእያንዳንዱ መስመርም መለኪያውን ሳያስቀሩ ይጻፉ። በኪሎግራም ጉልበት የሚያነቡ አሮጌ መሣሪያዎች ሊገጥሙዎት ስለሚችሉ፣ 1 ኪሎግራም ጉልበት 9.80665 ኒውተን መሆኑንም ይያዙ። የተሳሳቱበትን ጥያቄ በዚህ መንገድ እንደገና ሠርተው ቢልኩልኝ፣ ከቀጣዩ ፈተናዎ በፊት መስመር በመስመር አየዋለሁ።