ዘሩ ነው ወይስ ኩትኳቶው? ስለ ክሌምሰኑ አሰልጣኝ የተነሳ ክርክርና ሌሎች ጥያቄዎች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመለስናቸው ሦስቱም ጥያቄዎች የአሜሪካን የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል የሚመለከቱ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የባለቤቴ ወንድም ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ስለሚኖር የክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ቀንደኛ ደጋፊ ሆኗል። በበዓል በተገናኘን ቁጥር ቡናው ቶና ላይ ሳይደርስ ስለ አሰልጣኝ ዳቦ ስዊኒ ክርክር እንገጥማለን። እሱ «ስዊኒ ዋንጫ ያነሳው ልጅ ማሳደግ ስለሚያውቅ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ እነ ዴሾን ዋትሰንንና ትሬቨር ሎውረንስን የመሰለ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራና ኳሱን የሚወረውር ተጫዋች) የመለመለ ማንም ሰው ያሸንፋል፣ እነሱ ሲሄዱ ማሸነፉም አብሮ ሄደ እላለሁ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ክርክራችሁ ማለቂያ ያጣው ስለ አንድ ሰው እያወራችሁ ሁለት ዘመን ስለምትጠቅሱ ይመስለኛል። የባለቤትዎ ወንድም የሚያስታውሰው ከ2015 እስከ 2020 በተከታታይ ለስድስት ዓመት ቡድኑን የአገሪቱ ምርጥ ቡድኖች ለሻምፒዮንነት ወደሚፋለሙበት ብሔራዊ ውድድር (ፕሌይኦፍ) ያስገባውን ስዊኒን ሲሆን፣ እርስዎ የሚያዩት ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው።

ጨዋታውን ለማይከታተሉ አንባቢዎች አንድ ነገር ላስቀድም። የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ እንደ አውሮፓ ክለብ ተጫዋች አይገዛም፤ ከረዳቶቹ ጋር በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ እየዞረ የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆችን ይመለምላል፣ የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጣቸዋል፣ ከዚያም በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ ሰው ያደርጋቸዋል ተብሎ ይጠበቃል። ደረጃ አውጪ ድርጅቶች ለልጆቹ እስከ አምስት የሚደርስ ኮከብ ስለሚሰጡ፣ ደጋፊው ልጁ ሜዳ ሳይገባ ገና በኮከቡ ብዛት መከራከር ይጀምራል።

እርስዎ እንደሚሉት ነገሩ ሁሉ የምልመላ ቢሆን ኖሮ፣ ሀንተር ሬንፍሮው የሚባል ስም ዛሬ ማንም አያውቅም ነበር። ጃንዩወሪ 9 ቀን 2017 ታምፓ፣ ፍሎሪዳ ላይ በተደረገው የሻምፒዮናው ፍጻሜ ክሌምሰን በአላባማ 31 ለ28 እየተመራ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩት ኳሱ ከመጨረሻው መስመር ሁለት ያርድ ርቀት ላይ ነበር። ዋትሰን ኳሱን ይዞ ወደ ቀኝ ሮጠና ከተከላካዮቹ ተነጥሎ በማዕዘኑ በኩል ለቀረው ለሬንፍሮው ወረወረለት፤ ልጁ ሲይዘው ሰዓቱ ላይ የቀረው አንድ ሴኮንድ ነበር። ክሌምሰን 35 ለ31 አሸነፈ። ሬንፍሮው በ2014 ወደ ክሌምሰን የገባው ያለ ስኮላርሺፕ ሲሆን፣ በሁለተኛ ደረጃ ኳርተርባክ ሆኖ ይጫወት የነበረ ቀጭን ልጅ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ልምምድ ላይ ብቻ አሳልፎ ኳስ ተቀባይነትን ተማረ፣ በኋላም ስኮላርሺፑን በሥራው አገኘ፣ በ2019 የፕሮፌሽናሉ ሊግ የኤን ኤፍ ኤል ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ድራፍት በአምስተኛው ዙር ተመረጠ፣ በ2021 የውድድር ዓመትም በተቀበላቸው ኳሶች ከ1,000 ያርድ በላይ አስመዘገበ። ስዊኒ ራሱ በአላባማ ያለ ስኮላርሺፕ ገብቶ የ1992ቱ ሻምፒዮን ቡድን አባል ለመሆን የበቃ ኳስ ተቀባይ ስለነበር፣ እንዲህ ያለውን ልጅ ሲያይ ራሱን ሳያይ አልቀረም።

ከእርስዎ ብዙም ከማይርቀው ከሪችመንድ የሄደውን ክሌሊን ፌሬልንም እንውሰድ። የ2015ን ዓመት አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ አሳለፈ፤ በ2019 ድራፍት ደግሞ ከመላው አገሪቱ አራተኛ ሆኖ ተመረጠ። በዚያው ምሽት ከጎኑ ይሰለፉ ከነበሩት መካከል ክርስቲያን ዊልኪንስ 13ኛ፣ ዴክስተር ሎውረንስ 17ኛ ሆነው ተጠሩ። በእርግጥ ሦስቱም ሲመለመሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲ የተሻማባቸው ልጆች ነበሩ፤ እዚህ ላይ ነጥቡ የእርስዎ ነው። ሆኖም ፌሬልና ዊልኪንስ በ2018 ጸደይ ወደ ድራፍቱ መግባት እየቻሉ አንድ ዓመት ተጨማሪ ለመቆየት መርጠዋል፤ በዚያም ዓመት ክሌምሰን አላባማን 44 ለ16 ረትቶ ሁለተኛውን ዋንጫ በስዊኒ እጅ አስገብቷል። ልጅ የማያድግበት ቤት ውስጥ ገንዘብ ትቶ የሚቆይ የለም።

ታዲያ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ደጋፊዎች ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ነገር፣ ተጫዋችን በየቀኑ ይዞ የሚያርመው ዋናው አሰልጣኝ ሳይሆን ረዳቱ መሆኑን ነው። በዲሴምበር 2021 የመከላከሉ አለቃ ብሬንት ቬናብልስ ወደ ኦክላሆማ፣ የማጥቃቱ አለቃ ቶኒ ኤሊየት ደግሞ ወደ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በዋና አሰልጣኝነት ሄዱ። በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱን ምሰሶ ያጣ ቤት መዝመሙ አይቀርም።

ሁለተኛው ምክንያት ሕጉ ነው። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋች አንድ ጊዜ ያለ ቅጣት ዩኒቨርሲቲ መቀየር ቻለ፣ ከ2024 ወዲህ ደግሞ የትምህርት ውጤቱን እስካሟላ ድረስ የፈለገውን ያህል ጊዜ መቀየር ይችላል። በዚያው በ2021 ከስሙና ከምስሉ ገንዘብ እንዲያገኝ ተፈቀደ፤ ከጁላይ 2025 ጀምሮም ዩኒቨርሲቲው ራሱ ለስፖርተኞቹ መክፈል ይችላል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ በድምሩ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሌሎች አሰልጣኞች መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች በሚመዘገቡበት በዝውውር ፖርታል በኩል በየዓመቱ ግማሽ ቡድን ሲያስገቡ፣ ስዊኒ ለ2024 የውድድር ዓመት አንድም ተጫዋች አላመጣም። አቋሙ የእልህ ብቻ አልነበረም፤ ከውጭ ባለቀ ሰዓት የመጣ ልጅ ቦታ በያዘ ቁጥር ሦስት ዓመት ተራውን የጠበቀው የቤት ልጅ ይሄዳል የሚል ስሌት ነበረው። በዚያ ዓመት የዳላሱን ዩኒቨርሲቲ ኤስ ኤም ዩን 34 ለ31 አሸንፎ ክሌምሰን የሚወዳደርበትን ምድብ የኤ ሲ ሲን ዋንጫ ስለወሰደ፣ ደጋፊዎቹ ልክ ነው ብለው ነበር።

የ2025 ውድድር ግን ለእርስዎ ክርክር ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃ ነው። ክሌምሰን ከውድድሩ በፊት በአገሪቱ አራተኛ ተብሎ ተገመተ፤ ኳርተርባኩ ኬድ ክለብኒክ ባለ አምስት ኮከብ ሆኖ መጥቶ አራተኛ ዓመቱን የያዘ ነበር፣ ከጎኑም እዚያው ያደጉ ብዙ ልጆች ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች ሦስቱን ተሸነፉ። ፖርታሉን ለዚህ መውቀስ አይቻልም፤ ጊዜም ተሰጥቷቸዋል፣ ኮከቡም ነበራቸው። የጎደለው ኩትኳቶው ነው።

በሌላው ጫፍ ያለውን የኢንዲያናን አሰልጣኝ ከርት ሲግኔቲንም ሳላነሳ አላልፍም። በ2023 ሦስት ጨዋታ ብቻ አሸንፎ ዘጠኝ የተሸነፈውን ቡድን ተረክቦ፣ ቀድሞ ካሠለጠነበት ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ከአሥር የሚበልጡ ተጫዋቾችን ይዞ ሄደ፤ በ2024 አሥራ አንድ ጨዋታ አሸነፈ፣ በቀጣዩ ዓመት አሥራ ስድስቱንም አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ሲግኔቲ የሚመርጠው ወደፊት ይሆናል የሚባለውን ልጅ ሳይሆን ሌላ ቦታ ሠርቶ ያሳየውን ነው። ለዓመቱ ምርጥ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች የሚሰጠውን የ2025ን የሀይስማን ሽልማት ያገኘው ኳርተርባኩ ፈርናንዶ ሜንዶዛ ከሁለተኛ ደረጃ ሲወጣ ብዙም ፈላጊ አልነበረውም፤ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው ኢንዲያና የደረሰው። እንግዲህ ሜንዶዛን ያሳደገው ማን ነው? ሦስት ዓመት የደከመው ወይስ በአንድ ዓመት ለሽልማት ያበቃው? እኔ ለሁለቱም እሰጣለሁ፤ ሰው ያረሰውን አይቶ የትኛው ማሳ ፍሬ እንደያዘ መለየትም ሙያ ነው።

ስለዚህ እስከ 2020 ላለው የባለቤትዎ ወንድም ትክክል ነው፣ ለ2025 እርስዎ ትክክል ነዎት። ስዊኒ ማሳደግ ስለማያውቅ ወደቀ የሚለውን ግን አልቀበልም፤ የሚያሳድጉለትን ሰዎች ካጣ በኋላ የሚተኩ ሳያገኝ ቆየ፣ የፖርታሉንም በር ዘግቶ ራሱን መውጫ አሳጣ ብል ይሻለኛል።

ጥያቄ፦ በእኛ እግር ኳስ አንድ ወጣት ሲሸጥ ያሳደገው ክለብ ድርሻውን ያገኛል። እዚህ ልጁ ሲሄድ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ምን ያገኛል? (ከዳላስ)

መልስ፦ በአብዛኛው ምንም አያገኝም። በፊፋ ሕግ አንድ ተጫዋች በውል ላይ እያለ በገንዘብ ሲዛወር ከዋጋው እስከ 5 በመቶ የሚደርሰው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል፤ ለወጣቶች የሥልጠና ካሳ የሚባልም አለ። በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል የዝውውር ዋጋ የሚባል ልማድ ስላልነበረ፣ ትንሹ ዩኒቨርሲቲ ያሰባውን ትልቁ ወስዶ ያርደዋል። ይህ የልጁን ነፃነት የሚያስከብር ቢሆንም ማሳደግን የሚያከስር ሥርዓት ነው፤ ባለ ሁለት ኮከብ ልጅ ላይ ሦስት ዓመት የሚደክም አሰልጣኝ እየቀነሰ ቢሄድ ሊገርመን አይገባም።

ጥያቄ፦ ልጄ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አሥረኛ ክፍል ነው፤ ፉትቦል ይጫወታል። ኮከብ የሚባለው አልተሰጠውም፤ ጓደኞቹ የሚከፈልበት ካምፕ ካልሄድክ አታገኝም ይሉታል። አሰልጣኝ ቤታችን ቢመጣስ ደህናውን ከማይረባው በምን እለያለሁ?

መልስ፦ እመቤቴ፣ ኮከቡን የሚሰጡት የግል ድርጅቶች እንጂ ዩኒቨርሲቲዎቹ አይደሉም፤ ስለዚህ ኮከብ ማጣት በር መዘጋት አይደለም። የኤን ኤፍ ኤሉ ቡድን የቡፋሎ ኳርተርባክ ጆሽ አለን ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ ስኮላርሺፕ የሚሰጠው ትልቅ ቡድን አጥቶ ሪድሊ በተባለ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተጫውቶ ወደ ዋዮሚንግ አለፈ፣ በ2018 ድራፍት ሰባተኛ ሆኖ ተመረጠ። ካምፑን በተመለከተ፣ ለልጁ ፍላጎት ያሳየ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ግቢ የሚያዘጋጀው ከሆነ ይሂድ፤ ለስም ብቻ ለሚሰበሰብ ገንዘብ ግን አይቸኩሉ። ይልቁንም ትምህርቱን ይጠብቁለት፤ በከፍተኛው የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ደረጃ (ዲቪዥን 1) ለመጫወት 16 ዋና ዋና የሁለተኛ ደረጃ ኮርሶችን ቢያንስ በ2.3 አማካይ ውጤት ማጠናቀቅ ግዴታ ሲሆን፣ አሥረኛ ክፍል ላይ የተበላሸ ውጤት አሥራ ሁለተኛ ላይ ለማቃናት ይከብዳል።

አሰልጣኙ ሲመጣ ቡናውን ያፍሉለት፣ ስለ ዋንጫው ሲያወራ ያዳምጡት፣ ከዚያ ግን የርስዎን ጥያቄ ያንሱ። ከሦስት ዓመት በፊት በልጅዎ ቦታ የመለመላቸው ልጆች ስንት ነበሩ፣ ዛሬ ስንቱ አሉ? የሄዱት ወዴት ሄዱ? የቡድኑ ተመዝጋቢ ቁጥር ከ2025 ጀምሮ በ105 ስለተገደበ፣ ልጅዎ ከገባ በኋላ ከፖርታል ሌላ ቢመጣ ቦታው ምን ይሆናል? ስም እየጠራ የሚመልስ አሰልጣኝ ልጆቹን ያውቃቸዋል፤ «ሁሉም ደህና ናቸው» ብሎ የሚያልፍ ግን አያውቃቸውም። ልጁን በየቀኑ የሚያሠለጥነው ረዳት አብሮት ካልመጣ ደግሞ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ውሉ የሚያልቀው መቼ እንደሆነ ይጠይቁት።