ጠዋት አብራችሁ ለምታነቡ ወጣት ወላጆች

ልጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ባለፈው ሰሞን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደሴ ፒያሳ አግኝታኝ ቆመን ተጫወትን። እሷና ባለቤቷ ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ያስተምራሉ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤት ሲያዘጋ ጀመሩት። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቀጠሉበት፤ እስካሁንም አልተውትም። ቀናቸውን የሚጀምሩት ሁሉም አንድ ላይ ሆነው ነው። ይጸልያሉ፣ ይዘምራሉ፣ ጥቅስ በቃላቸው ይይዛሉ፣ ጮክ ብለው መጽሐፍ ያነባሉ። ልማዱን ያገኙት ልጆቻቸውን ቤት ከሚያስተምሩ የአሜሪካ ክርስቲያኖች ነው። ስልኳን አውጥታ የመጽሐፍ ዝርዝር አሳየችኝ። ወደ ታች ቢገፉት ቢገፉት አያልቅም። «ጋሼ፣ ከዚህ ውስጥ የትኛውን ልግዛ? የትኛውንስ ልተው?» አለችኝ።

እዚያው ቆሜ ጥቂት ነገር ነገርኳት። ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። የታላቅ እህቴን የእታለምን ነገር ቀሰቀሰብኝ።

ያደግሁት ኩታበር አካባቢ፣ ደጋ ላይ ነው። ቤታችን ውስጥ የነበረው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ ዳዊት። አባቴ ቄስ አልነበሩም። ከየኔታ ዘንድ ዳዊት እስኪደግሙ ተምረው ወደ እርሻቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ከታች ካሉት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን መንደር የሱብሂ አዛን ሲሰማ ይነሳሉ። ሰዓት የለንም፤ አዛኑ ነው ሰዓታችን። ኩራዙን ያበራሉ፣ የዳዊቱን ማኅደር ከግድግዳው ያወርዳሉ። እኔና ታናሽ ወንድሜ አንድ ጋቢ ተከናንበን መደቡ ላይ እንቀመጣለን።

ዳዊት በሳምንቱ ቀናት የተከፈለ ነው። ሰኞ ከመጀመሪያው እስከ 30ኛው መዝሙር ይደገማል፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፤ እንዲህ እያለ ቅዳሜ 150ው ያልቃል። አባቴ በሬ ጠማጅ ስለሆኑ ሁሉንም አያደርሱም። የቻሉትን ያህል ይደግሙና መጽሐፉን ወደ እኛ ያዞሩታል። ተራ በተራ እናነባለን። ስንሳሳት በጭራሮ ጉልበታችንን ነካ ያደርጉናል። ስንጨርስ «ምን አለ?» ይሉናል። የሰማነውን በራሳችን አማርኛ መንገር አለብን።

ታላቅ እህታችንን እታለም ነው የምንላት። እሷ ጓዳ ናት። እሳት ታነዳለች፣ ቂጣ ትጋግራለች። ከእኛ የሚለያት አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እሱም ጣራ አይነካም። አንድ ቀን የመጀመሪያውን መዝሙር በግዕዙ «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ» ብዬ ቀጥሎ ያለው ጠፋኝ። ዓይኔ ፊደሉ ላይ ነው፤ አፌ ግን ተያዘ። ከጓዳ «በምክረ ረሲዓን»፣ በክፉዎች ምክር ማለት ነው፣ የሚል ድምፅ መጣ። ቂጣዋን እየገለበጠች ነው። አባቴ ወደ እኔ ዞሩና «ስማ! ሴቷ እንኳ ታውቀዋለች» አሉ። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። ንባቡ ቀጠለ። «ነይ፣ አንቺም እዚህ ተቀመጪ» ያላት ሰው የለም።

እኔም አላልኳትም። ልጅ ነበርኩ ብዬ ራሴን ላጽናና እችላለሁ። ግን ደሴ ወይዘሮ ስሂን ገብቼ ስማር ክረምት በመጣ ቁጥር ከጎኗ ነበርኩ። ምን ተማርክ ትለኛለች፣ እነግራታለሁ፣ አፏን ከፍታ ትሰማኛለች። ኋላ አስተማሪ ሆንኩ። የሰው ልጅ ፊደል አስቆጥሬ ደመወዝ በላሁ፤ ለእናቴ ልጅ ግን ሀ ሁ አላልኩላትም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እታለም የልጆች እናት ነበረች። ትንሹን አዝላ ትሄዳለች። የሚያስተምራት ከእኔ ተማሪዎች በዕድሜ የማይበልጥ ጎረምሳ ነው። በቀጣዩ ጥር ለአስተርእዮ ማርያም አገር ቤት ስሄድ «ዳዊቱን አውርድልኝ» አለችኝ። አወረድኩላት። እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ሌባ ጣቷን የመጀመሪያው ፊደል ላይ አደረገች። «ብ... ፁ... ዕ» አለች። ከዚያ አፏ ከጣቷ ቀደመ። መዝሙሩን እስከ መጨረሻው በቃሏ ወረደችው፤ ጣቷ ገና ሁለተኛው መሥመር ላይ ነው። ቆም አለች። ወደ ኋላ ተመልሳ እያንዳንዱን ቃል ከፊደሉ ጋር አገናኘች። «ለካ ረሲዓን ይሄ ነው!» ብላ ቃሉን ዳሰሰችው። አባቴ አርጅተው እሳት ዳር ተቀምጠዋል። «ማን አስተማረሽ?» አሏት።

«እርስዎ» አለቻቸው።

እታለም ዛሬ በሕይወት የለችም። ዓይኗ ቶሎ ስለደከመ ንባቡን ሳትጠግበው ቀረች።

እንግዲህ የመጽሐፍ ዝርዝር ስታሳዩኝ ቶሎ የሚመጣብኝ ሐሳብ፣ ይሄ ሲነበብ ማን ጓዳ ይቀራል የሚል ነው። የጋራ ጊዜ የጋራ መጽሐፍ ይፈልጋል። አምስት ዓመቷ ልጅ የምትሰማው፣ አሥራ አራት የሞላውም የማይሰለቸው። ሒሳብና ሰዋስው የየራሳቸው ሰዓት አላቸው።

አንድ መጽሐፍ ይበቃችኋል ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ልክ አይሆንም። የእኛ ቤት አንድ መጽሐፍ የነበረው በድህነት ነው እንጂ ተመርጦ አይደለም። ቢሆንም ከብዙው ጥቂቱን ያዙ። የእናንተ ትውልድ ዳውንሎድ ያደረገውን ሁሉ ያነበበ ይመስለዋል። ስልኩ በፒዲኤፍ ተሞልቶ ልጁ አንድ መዝሙር በቃሉ የማይወጣበት ቤት አውቃለሁ።

ኦርቶዶክስም ሁኑ ፕሮቴስታንት መዝሙረ ዳዊት የሁላችሁም ነው፤ ከእሱ ጀምሩ። ቁጥሩ እንዳያጣላችሁ ብቻ ተጠንቀቁ። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በግዕዙ ዳዊት 22ኛው ነው፤ በሌላው አቆጣጠር 23ኛው። አያት አንዱን፣ ልጅ ሌላውን ይዘው ሲከራከሩ አይቻለሁ። ለትንንሾቹ በግዕዙ 116ኛውን ስጧቸው፤ ከሁሉም አጭሩ ነው፣ ሁለት ቁጥር ብቻ። ኦርቶዶክሶች ደግሞ ውዳሴ ማርያም አላችሁ። ራሱ በሰባቱ ቀናት የተከፈለ ስለሆነ የአሜሪካ ፕሮግራም አያስፈልገውም። ስንክሳርም፣ የቅዱሳን ታሪክ የያዘው መጽሐፍ፣ በየዕለቱ የተዘጋጀ ነው። የሰማዕታቱ ስቃይ ግን ለትንሽ ልጅ ይከብዳል። ማታውኑ አንብባችሁ ለጠዋት የሚሆነውን ለዩ።

መጽሐፍ ቅዱስ ላይ፣ በ1954 ዓ.ም. የታተመው ትርጉም ለጆሮዬ ይጥመኛል። አዲሶቹ ለልጅ ቶሎ ይገባሉ። የፈለጋችሁትን ምረጡ፤ በቃል ለማጥናት ግን አንዱን ያዙ፣ አትለዋውጡ። ልጅ ግማሹን ከዚህ፣ ግማሹን ከዚያ ይዞ ይቀራል።

መጽሐፈ ምሳሌን በቀን አንድ ምዕራፍ ማንበብ የተለመደ ነው። ምዕራፉ 31 ነው፣ የፈረንጆቹ ረጅም ወር ላይ ልክ ይገጥማል። የእኛ ወር ግን 30 ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር የሚያነብ ቤት «ልባም ሴትን ማን ሊያገኛት ይችላል?» የሚለው ምዕራፍ ላይ ሳይደርስ ወሩ ያልቅበታል። በ30ኛው ቀን ሁለቱንም አንብቡ።

በተማሪዬ ዝርዝር ውስጥ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ሥዕል አየሁ። ክፉ አይደለም። ግን የወሎ ልጅ የላሊበላ ቤተ ማርያምን የግድግዳ ሥዕል ሳያይ ለምን ወደዚያ ይቸኩላል? ሐይቅ እስጢፋኖስም ቅርባችን ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ቦታ፣ በእሳቸው ዘመን የተጻፈ የብራና ወንጌል ያለበት ገዳም ነው።

ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩት የእነዚያ የአሜሪካ ቤተሰቦች ልማድ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከእንግሊዛዊቷ መምህርት ከሻርሎት ሜሰን ነው። ከ1842 እስከ 1923 እ.ኤ.አ. የኖረች ሴት ናት። አንድ ጊዜ ተነቦለት ልጁ መልሶ ይንገር ትላለች። ይህን ሳነብ የአባቴ «ምን አለ?» ትዝ አለኝ። እናንተም ጠይቁ፤ ጭራሮውን ግን ተዉት። በዚህ በዚህ ከእኛ ትሻላላችሁ፣ ልጆቻችሁን አቅፋችሁ ታነባላችሁ።

ስልክ ከምታነቡበት ክፍል ይውጣ። አያት ካለቻችሁ ግን ስትጸልይና ስትዘምር ድምጿን በዚያው ስልክ ቅዱትና አሰሟቸው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የጎረቤትን እምነት የሚሳደብ መጽሐፍ፣ ምንም መንፈሳዊ ስም ቢኖረው፣ በጠዋት ልጆቻችሁ ፊት አትክፈቱ። ወሎ ነን። አክስታችን ሙስሊም አግብታለች፣ የአጎታችን ልጅ ሼህ ናቸው። ልጃችሁ ያን ሰምቶ ሲያበቃ ቁርሱን እነሱ ቤት ሊበላ ይችላል።

በመጨረሻ ስለ ቤት ሠራተኛችሁ። ከገጠር የመጣች ልጅ እናንተ ስትዘምሩ ወጥ ቤት ሆና እንቁላል የምትጠብስ ከሆነ ጥሯት። ክርስቲያን ከሆነች ወንበርና ተራ ስጧት፤ ፊደል ካልቆጠረች ከትንሿ ልጃችሁ ጋር ትቁጠር። ሙስሊም ከሆነች ጸሎታችሁ ላይ አታስገድዷት፤ እሷም የራሷን ስግደት የምታደርስበት ጊዜ ስጧት፣ ፊደሉን በሌላ ሰዓት በሌላ መጽሐፍ አስተምሯት። ቁርሱን ሁላችሁም ተነስታችሁ ሥሩት። አንድ ሰዓት ላይ መድረሱ ቀርቶ አንድ ተኩል ቢሆን ማንም አይራብም።