ትንሿ እንክብል ኢንፊውዥኑን ታስቀርልኛለች?

ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፣

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። መልቲፕል ስክሌሮሲስ ወይም ኤም ኤስ የሚባለው የነርቭ በሽታ አለብኝ። በየስድስት ወሩ ኦክሬሊዙማብ የተባለውን መድኃኒት በኢንፊውዥን፣ ማለትም በደም ሥር እየተንጠባጠበ፣ እወስዳለሁ። ከሁሉ ያስመረረኝ ግን ድካሙ ነው። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ሶፋው ላይ ድፍት እላለሁ። ልጄ የቤት ሥራዋን ይዛ መጥታ «እማዬ ተነሺ» ስትለኝ ዐይኔን መግለጥ ያቅተኛል።

ሐኪሜ ከስንት ልመና በኋላ ናልትሬክሶን በትንሽ መጠን አዘዘልኝ፤ 1.5 ሚሊግራም፣ ማታ ማታ። ነገ ልጀምር ነው። እንደኔው ኤም ኤስ ያለባት ጓደኛዬ «ከተስማማሽ ኢንፊውዥኑን ተይው» ትለኛለች፤ ልቤም ከጅሏል። እናቴ ደግሞ ቅዠት ያመጣል ሲባል ሰምታ ፈርታለች። ወገቤን ሲያመኝ እሷ ከአዲስ አበባ ያመጣችልኝን ትራማዶል እውጣለሁ። ይሄን ለሐኪሙ አልነገርኩትም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ድካም ያስመረራት፣ ከሜሪላንድ

ውድ እህቴ፣

ከመጨረሻው ልጀምር፣ አጣዳፊው እሱ ነውና። ናልትሬክሶንና ትራማዶል አብረው አይወሰዱም። ትራማዶል ኦፒዮይድ ከሚባሉት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ወገን ነው። ናልትሬክሶን ደግሞ ኦፒዮይድ ሰውነት ውስጥ የሚሠራበትን በር ይዘጋል። ሰውነትሽ ትራማዶሉን ለምዶት ከሆነ ድንገት ላብ፣ ማስታወክ፣ ቁርጠትና መንቀጥቀጥ ሊያጣድፍሽ ይችላል። ስለዚህ እባክሽ ነገ አትጀምሪ። መጀመሪያ ለሐኪምሽ ደውይና ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል እንደምትወስጂ ሳትደብቂ ንገሪው። አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ከኦፒዮይድ መራቅ ያስፈልጋል። ትራማዶሉን አዘውትረሽ የምትወስጂ ከሆነም በራስሽ ድንገት አታቁሚው። ኮዴን ያለበት የሳል ሽሮፕም እንደዚያው ነው። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ መድኃኒት ለሐኪም የሚነገር የማይመስለን ብዙ ነን፤ ግን ይነገራል።

ወደ ጓደኛሽ ምክር ስመጣ፣ በፍጹም አልስማማም። ኤም ኤስ የሰውነት መከላከያ ራሱ የነርቭን ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ኦክሬሊዙማብ በዚህ ጥቃት የሚሳተፉትን ቢ ሴሎች የተባሉ የመከላከያ ሴሎች ይቀንሳል። ጥቅሙ አዲስ ጠባሳና አዲስ ግርሻ እንዳይመጣ መከላከሉ ስለሆነ ዕለት በዕለት አይሰማሽም። ብትተዪውም ጉዳቱ በማግስቱ አይታወቅሽም፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ናልትሬክሶን እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ለኦፒዮይድ ሱስ፣ በ50 ሚሊግራም ነው። ለኤም ኤስ ግን የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ አልፈቀደውም። ያንቺን ትንሽ መጠን በትዕዛዝ የሚቀምሙ ፋርማሲዎች የሚያዘጋጁትም፣ ብዙ ጊዜ ኢንሹራንስ የማይከፍልለትም ለዚህ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት 80 ሕሙማን መዝግቦ 60ዎቹ ጨርሰዋል። በ4.5 ሚሊግራም የአእምሮ ጤናና የሕመም ስሜት መሻሻል ታየ፤ በአካል አቅም ላይ ግን ለውጥ አልታየም። በዚያው ዓመት የታተመ፣ ኢራን ውስጥ 96 ሰዎች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ለማነጻጸር ከተሰጠው መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን እምብዛም አልተሻለም። በሽታውን ራሱን እንደሚያቆም ያሳየ ጥናት የለም።

ይህን የምልሽ ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም። ስሜትሽን ትንሽ ቢያቀልልሽ ትልቅ ነገር ነው፤ ሐኪምሽ ከፈቀደ ሞክሪው፣ ግን ከኢንፊውዥኑ ጋር። ስትደውዪም የደም ማነስ፣ የታይሮይድና የእንቅልፍ ችግር እንዳለብሽ እንዲያይልሽ ጠይቂው። ድካም ሁሉ ከኤም ኤስ አይደለም።

እናትሽን አረጋጊያቸው። ጥርት ያለ ሕልምና የተቆራረጠ እንቅልፍ የታወቀ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ ክፉ ምልክት አይደለም። ብዙዎች ላይ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይቀላል። ካልቀለለሽ ሐኪምሽ መጠኑን ሊቀንሰው ወይም ጠዋት እንድትወስጂው ሊያደርግ ይችላል።