ካራማራን በፎቶ ለምታውቁ ልጆቼ

የካቲት 26፣ ጅጅጋ አጠገብ የሶማሊያን ጦር ያሸነፍንበት ቀን፣ በመጣ ቁጥር ስልኬ በካራማራ ፎቶ ይጥለቀለቃል። ታንክ፣ ባንዲራ፣ ፉከራ። ደስ ይለኛል፤ መርሳት ነውር ነው። ግን ከሥሩ «ጀግና አይፈራም» ብላችሁ ስትጽፉ ሳቄ ይመጣል። ማን ነገራችሁ?

በ1970 ዓ.ም. ሐረር ድሬሰር ነበርኩ፤ የ22 ዓመት ልጅ። የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር በ1969 ክረምት ገብቶ፣ በመስከረም ጅጅጋን ይዞ፣ ሐረር ደጃፍ ደርሶ ነበር። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ የዘመተው ሚሊሽያ አብዛኛው ገበሬ ነው፤ ሞፈሩን አስቀምጦ የመጣ። ቁስለኛው ካልጋው ስለሚበልጥ መሬት ላይ ፍራሽ እናነጥፍ ነበር።

አንዱ ሚሊሽያ ከዓይኔ አይጠፋም። ግራ እጁን ተመትቷል። ፋሻውን ስቀይርለት «ፈርተው ነበር?» አልኩት። ልጅነት ነው እንጂ ይኼ ይጠየቃል? እሱ ግን ሳቀ።

«ልጄ፣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። አጠገቤ አንድ ለጋ ልጅ ነበር፤ ዓይኑ እኔ ላይ ነው። እኔ ካልተነሣሁ እሱም አይነሣም። ምን ላድርግ፣ ተነሣሁ።»

ከ30 ዓመት በላይ ቁስል አጥቤያለሁ። ከፊት የመጣ ሰው ሲፎክር የሰማሁት ጥቂት ነው። ፉከራው ከኋላ ነው የሚበዛው፣ ቃሬዛ ተሸክሞ ከማያውቀው ዘንድ። ያኔ የመጣብን የውጭ ጦር ነበር። ዛሬ እርስ በርሳችን ነው የምንጋደለው፤ እናንተ ደግሞ የወደቀ ልጅ ቪዲዮ ከሳቅ ምልክት ጋር ሼር ታደርጋላችሁ። እናቱ ልታየው እንደምትችል አስባችሁ ታውቃላችሁ? በጓደኛ መሐል «ኧረ ተዉ፣ ይኼ ነውር ነው» ማለት ጉልበት ያንቀጠቅጣል። አውቀዋለሁ፤ እኔም አንድ ቀን አቅቶኛል።

ያችን ቀን ልንገራችሁ። ክፍሉ ጥግ አንድ ሶማሌ ምርኮኛ ተኝቷል፣ እግሩን ተመትቶ። «ቢዮ፣ ቢዮ» ይላል፤ ውሃ ማለቱ ነው። ሐረር የኖረ ሰው ይህን ቃል አያጣውም። ማንም አልተንቀሳቀሰም። እኔም ያልሰማ መስዬ ፋሻ እጠቀልላለሁ። ወንድሙን የቀበረ ሰው እዚያው ክፍል ነበራ፤ እሱን ፈራሁ።

ሚሊሽያው ኮዳውን ከትራሱ ሥር አወጣ። በጥርሱ ከፈተው። በአንድ እጁ እየተንፏቀቀ ምርኮኛው ዘንድ ሄደ። «ለጠላት?» አለ አንዱ ከኋላ። መልስ አልሰጠውም። የምርኮኛውን ራስ ደግፎ እስኪበቃው አጠጣው። ከዚያ እየተንፏቀቀ ተመልሶ ባዶውን ኮዳ ወደኔ ዘረጋ።

«ሙዪልኝ» አለኝ።