አፈር ልታጥቢ ነው የተማርሽው?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ ከሞጆ ነው። ላኪዋ ስሟ እንዳይጠቀስ ጠይቃለች። ባጭሩ እንዲህ ትላለች፦

«ኬሚካል ምህንድስና ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የምሠራው አንድ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ፍሳሽ ማጣሪያ ክፍል። ኖራ እለካለሁ፣ ፒኤች (የአሲድነቱን ልክ) አያለሁ፣ ዝቃጭ አስጨምቃለሁ። በየቀኑ ያው ነው። በቅርቡ የተበከለ አፈር በማሽን ታጥቦ ንጹህ አሸዋ ሆኖ ሲወጣ የሚያሳይ ቪዲዮ አየሁና እንቅልፍ አጣሁ። ሆላንድ ሄጄ ይህንኑ ልማር? አገር ቤትስ ሥራ አለው? ወንድሜ ‹አፈር ልታጥቢ ነው የተማርሽው?› እያለ ይስቅብኛል። እናቴ ደግሞ ‹አፈር ስሆንልሽ፣ ባንክ ተቀጠሪ› ትለኛለች።»

እህቴ፣ እናትሽ ሳያስቡት ያንቺኑ ሙያ ጠርተው ለመኑሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ብቻዬን ስስቅ ነበር። አሁን ወደ ቁም ነገሩ።

ቪዲዮው አንድ ነገር ደብቆሻል። አሸዋው ነጽቶ ሲወጣ አሳየሽ፤ መርዙ የት እንደገባ ግን አላሳየሽም። ማሽኑ እርሳስንም ሆነ ክሮምን አያጠፋም፣ ሊያጠፋም አይችልም። የሚያደርገው መለየት ነው። በካይ ነገር የሚጣበቀው በብዛት ደቃቁ አፈር ላይ ነው፤ ደለሉና ሸክላው ላይ። ደቃቅ አፈር ትንሽ ክብደት ይዞ ሰፊ ገላ አለው፣ ሸክላ ደግሞ ብረታ ብረትን የሚስብ የኤሌክትሪክ ሙል አለው። ጠጠርና አሸዋ ላይ ያለው ላይ ላዩን የተለጠፈ ነው፤ በውሃ ሲፈተግ ይለቃል። ስለዚህ አፈሩ ይቆፈራል፣ በወንፊት ይነፋል፣ በውሃ ይፈተጋል፣ ሃይድሮሳይክሎን በሚባል ሾጣጣ ዕቃ ውስጥ እየተሽከረከረ ከባዱ ከቀላሉ ይለያል። አብዛኛውን ጊዜ ደቃቁ ከሻካራው የሚለይበት ልክ 0.063 ሚሊሜትር ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ለ16 ሲካፈል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ተለክቶ ንጹህ ከሆነ ወደ መሬቱ ይመለሳል። ከዚያ በታች ያለው ከነመርዙ ተጨምቆ ወደ አደገኛ ቆሻሻ ማስወገጃ ይሄዳል።

ሻኪሶ ወይም ቤኒሻንጉል ውስጥ ወርቅ አጣቢ በገበቴ ሲሠራ አይተሽ ከሆነ ነገሩ አዲስ አይሆንብሽም። ዘዴው የማዕድን ሰዎች ነው። እነሱ የሚፈልጉትን ለማስቀረት ያጥባሉ፣ እዚህ ደግሞ የማይፈለገውን ለማስወጣት ይታጠባል።

አሁን አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ። ሦስት ባዶ ሃይላንድ ፈልጊ። በአንዱ የወንዝ አሸዋ፣ በሁለተኛው የጓሮ አፈር፣ በሦስተኛው ዋልካ ጨምሪ፤ ሲሶ ሲሶ ያህል። (ከፋብሪካው ግቢ እንዳትወስጂ፣ አደራ።) ውሃ ሙይና ሁለት ሦስት ደቂቃ በደንብ ናጪው። ከዚያ መስኮት ላይ ደርድሪና ተያቸው። አሸዋው ደቂቃ ሳይሞላ ይዘቅጣል። ደለሉ ሰዓታት ይፈልጋል። ዋልካው ግን በማግስቱም ውሃውን እንዳደፈረሰ ታገኚዋለሽ።

ያ ሦስተኛው ጠርሙስ የዚህ ቴክኖሎጂ ወሰን ነው። ከአፈሩ ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ደቃቅ ከሆነ ማጠብ አያዋጣም ይባላል፤ ብዙ ደክመሽ፣ ብዙ ውሃ አፍስሰሽ፣ መጨረሻ ላይ የሚተርፍሽ ከሞላ ጎደል ያው የመርዝ ክምር ነው። እኛ አገር ደግሞ ዋልካ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ክረምት ላይ በዋልካ የሄደ ሰው ጫማውን ብቻ ቢጠይቅ ይነግረዋል።

ሆላንዶች ወደዚህ ሥራ የገቡት ወደው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 ሮተርዳም አጠገብ ሌከርከርክ በምትባል ከተማ ወደ 270 የሚጠጉ ቤቶች የኬሚካል በርሜል በተቀበረበት መሬት ላይ መሠራታቸው ተጋለጠ። ሰው ከቤቱ ወጣ፣ አገሩ ተንጫጫ፣ ሕግ መጣ። ሕጉ ሥራ ፈጠረ፣ ሥራው ማሽን። መሬታቸው ጠባብ፣ ቆሻሻ መጣያቸው ውድ ነው፤ አሸዋማ አፈርም አላቸው። አሜሪካኖቹም ከእነሱ ተምረዋል። ኒው ጀርሲ ውስጥ ዊንስሎ በሚባል ቦታ፣ ኪንግ ኦፍ ፕሩሺያ የተባለ ኩባንያ የተወው ግቢ ነበር። አፈሩ በክሮም፣ በመዳብና በኒኬል የተበከለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ወደ 19,200 ቶን የሚሆነው ታጠበ። ሱፐርፈንድ በተባለው የአሜሪካ መንግሥት የተበከሉ ቦታዎች ማጽጃ ፕሮግራም ውስጥ በሙሉ አቅም የተካሄደ የመጀመሪያው የአፈር አጠባ ይህ ነው። ከዚያ በፊት ግን ከአፈሩ ጥቂቱን ጭነው ሆላንድ ድረስ ልከው በዚያ ማሽን ሞክረውታል። ክሮም መሆኑን ልብ በይ፤ ያንቺው ጎረቤት ነው።

ለንደን ደግሞ ለ2012ቱ ኦሊምፒክ ግቢውን ሲያዘጋጁ ከ2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አፈር ቆፈሩ። ነዳጅ፣ ሬንጅ፣ አርሴኒክ፣ እርሳስ ያለበት የድሮ ፋብሪካ መሬት ነበር። ማጽጃ ቦታዎቹን «የአፈር ሆስፒታል» ይሏቸው ነበር። ከተቆፈረው 80 በመቶ ያህሉ እዚያው ተመልሶ ተደለደለ። ሞ ፋራህ የሮጠበት ስታዲየም ያለበት ግቢ ማለት ነው። ጥሩነሽ ዲባባ በ10,000 ሜትር ወርቋን የወሰደችውም እዚያው ነው። ይህን ለወንድምሽ ብትነግሪው ሳቁን ትንሽ ይቀንሳል ብዬ አስባለሁ።

ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። እንደዚያ ያለ የአፈር ማጠቢያ ጣቢያ «ሠራተኛ እፈልጋለሁ» ሲል ሪፖርተር ጋዜጣም ላይ ሆነ ኢትዮጆብስ ላይ አይቼ አላውቅም። በዓመታት ውስጥ አንድም። ይህን የምልሽ ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም። ለዚያ ማሽን ብቻ ሁለት ዓመት ሆላንድ ተቀምጠሽ ስትመለሺ ማሽኑ ካልጠበቀሽ ምን ትሆኛለሽ የሚለውን አሁኑኑ አስቢው ለማለት ነው።

የተበከለ አፈር ግን ሞልቷል። ቆዳ ፋብሪካ አለ፣ ጋራዥ አለ፣ ነዳጅ ማደያ አለ፣ ባትሪ የሚሰባበርበት ጓሮ አለ። ጊዜ ያለፈባቸው የተባይ መድኃኒቶች የተከማቹባቸው መጋዘኖች ነበሩን፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከ1,000 ቶን በላይ ተጭኖ ፊንላንድ ሄዶ ተቃጥሏል። በርሜሉ ይጫናል፤ በርሜሉ ያፈሰሰበት ወለልና አፈርስ? የሚለውን ጥያቄ የሚመልስ ባለሙያ ነው የሚያስፈልገው። ሕጉም ቢሆን አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995፣ የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ 1090/2010። ሁለቱንም አንብቢያቸው፣ አጫጭር ናቸው። ቃለ መጠይቅ ላይ ቁጥራቸውን ብቻ ሳይሆን ውስጣቸውን የሚያውቅ ተፈታኝ እምብዛም አይገኝም።

አፍሪካ ውስጥ አፈር እንዴት እንደጸዳ ማየት ከፈለግሽ ዛምፋራን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ2010 በሰሜን ምዕራብ ናይጄሪያ የወርቅ ማዕድን በየግቢው ሲፈጭ እርሳስ ያለበት አቧራ መንደሮቹን ሞላ። ከ400 በላይ ሕጻናት ሞቱ። መንደሮቹ የጸዱት በማጠቢያ ማሽን አልነበረም። አካፋ ነበር። በእጅ የሚያዝ ኤክስአርኤፍ መሣሪያ ነበር፤ አፈር ላይ ሲደቀን ምን ያህል እርሳስ እንዳለበት ወዲያው የሚናገር። የአካባቢው ሰው ሠልጥኖ የላይኛውን አፈር ገፎ አውጥቶ ቀበረ፣ በንጹህ አፈር ተካው። እዚያ ቦታ ላይ ወሳኙ ሰው «እዚህ ጋ ቁም፣ ከዚህ በታች ንጹህ ነው» የሚለው ነው።

አንቺ መሆን ያለብሽ እሱን ነው ባይ ነኝ። ማጠብ፣ መቅበር፣ በሲሚንቶ ማሰር፣ ማቃጠል፣ በተክል መምጠጥ፣ ወይም ባለበት ትቶ ማጠር፤ ይህ ሁሉ የሚመረጠው አፈሩ ከታወቀ በኋላ ነው። አፈሩን የሚያውቅ ሰው የትኛውም ማሽን ቢመጣ ይፈለጋል።

አንድ ጊዜ ለአንድ አማካሪ ድርጅት ቃለ መጠይቅ ላይ አብሬ ተቀምጬ ነበር። ጥያቄው ቀላል ነው፦ «አንድ ሄክታር የድሮ ፋብሪካ ግቢ ተሰጠህ፣ ናሙና እንዴት ትወስዳለህ?» ተፈታኞቹ ስለ አቶሚክ አብዞርፕሽን (ላብራቶሪ ውስጥ ብረታ ብረት ስለሚለካበት ዘዴ) ብዙ አወሩ። አንዱ ልጅ ብቻ ወረቀት ለምኖ ግቢውን በካሬ በካሬ ከፋፈለው። «የድሮው ዝቃጭ ጉድጓድ የት ነበር?» ብሎ ጠየቀ። እዚያ ጋ ነጥቦቹን አበዛ፣ በየስንት ሳንቲሜትር ጥልቀት እንደሚወስድ ጻፈ፣ ከግቢው ውጭ ደግሞ ለማነጻጸሪያ ሁለት ነጥብ አስቀመጠ። ውጤቱ የመካከለኛ ተማሪ ነበር። የተቀጠረው እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ስለምትንቂው ሥራሽ ላውራ። አፈር ማጠቢያ ጣቢያ ግማሹ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ውሃ ማጣሪያ ነው። የታጠበበት ውሃ ተጠራቅሞ ኬሚካል ይጨመርበታል፣ ደቃቁ ይረጋል፣ በፊልተር ፕሬስ ይጨመቃል፣ ውሃው ተመልሶ ይዞራል። ፒኤቹን ወደ 8 እና 9 ከፍ አድርጎ ክሮምን ማዝቀጥ፣ ደቃቁን አያይዞ የሚያረጋውን የፖሊመር መጠን መወሰን፣ ጭማቂው ሲከፋ ምክንያቱን መፈለግ፤ ይህን በየቀኑ ትሠሪዋለሽ። ማስተርስ ይዘው አንድም ቀን ዝቃጭ ያልነኩ ብዙ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ሥራውን ቢያንስ አንድ ዓመት አትልቀቂ። በዚያ ዓመት ውስጥ መዝገብ ያዢ፦ በቀን ስንት ሜትር ኩብ ገባ፣ ክሮሙ ሲገባ ስንት፣ ሲወጣ ስንት። ሁለቱ የክሮም ዓይነቶች፣ ክሮሚየም ሦስትና ክሮሚየም ስድስት፣ ተለይተው ይለኩ እንደሆነ ጠይቂ። ሁለተኛው እጅግ አደገኛው ነው፤ የመጀመሪያው ደግሞ አንዳንድ ሁኔታ ሲገጥመው ወደ ሁለተኛው ሊለወጥ ይችላል። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ጥያቄ እግርሽ ሥር አለ።

ትምህርቱን በሚመለከት፣ ሆላንድ ክፉ ሐሳብ አይደለም። ቫኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ በአፈር ሳይንስ የታወቀ ነው። የጀርመኑን ዳድና የቤልጂየሙን ቭሊር ስኮላርሺፖችም ተከታተዪ፤ ዳድ በብዛት ሁለት ዓመት ገደማ የሥራ ልምድ ያለውን ስለሚፈልግ አሁን ያለሽበት ጊዜ ጥሩ ነው። ግን አገር ቤትም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ሳይንስ ማዕከል አለ፣ ሐረማያ በአፈር ሳይንስ አንጋፋ ነው። የትም ግቢ፣ የኮርሱን ዝርዝር ስታዪ የአፈር ኬሚስትሪ፣ የከርሰ ምድር ውሃ፣ ናሙናና ስታቲስቲክስ መኖራቸውን ብቻ አረጋግጪ። የማጠቢያ ማሽኑን አሠራር ቀጣሪሽ በጥቂት ወር ያስተምርሻል። እነዚህን ግን ማንም ቁጭ ብሎ አያስተምርሽም።

በነገራችን ላይ ይህን የምታነቡ አሜሪካ ያላችሁ ልጆች፣ እናንተ ጋ መንገዱ ሌላ ነው። በተበከለ ቦታ ላይ ለመሥራት የ40 ሰዓት ሥልጠናና የሦስት ቀን ክትትል ያለበት የመስክ ልምምድ ይጠየቃል፤ ከዚያ በየዓመቱ 8 ሰዓት ማደሻ። ያለ ዲግሪም በቴክኒሻንነት ይገባል። ኡበር ላይ ሆናችሁ ዲፕሎማችሁ መሳቢያ ውስጥ የቀረ ኬሚስቶች፣ እስቲ አስቡበት።

የእናትሽ ጭንቀት ግን ባንክ አይመስለኝም፤ ጤናሽ ነው። እሱ ላይ ልክ ናቸው። ጓንትና ማስክ ሳይሰጥ «ግቢ» የሚል አለቃ ካለ አትግቢ። ልብስሽን እዚያው ቀይሪ፣ ቤት ይዘሽ አትሂጂ፤ ዛምፋራ ውስጥ አቧራው ከሥራ ቦታ ቤት የገባበት አንዱ መንገድ ልብስ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ ምርመራ እንዲደረግልሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ለእናትሽም ይህን ሁሉ ንገሪያቸው። ያኔ ቢያንስ የሚለምኑሽ ስለ ሌላ ነገር ይሆናል።

የላክሽልኝን ሲቪ አየሁት። «በፍሳሽ ማጣሪያ ክፍል ሠራተኛ» ብለሽ በአንድ መስመር አልፈሽዋል። አጥፊውና በምትኩ ይህን ጻፊ፦ «ክሮም ያለበትን የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ በኖራና በፖሊመር በማዝቀጥ፣ ዝቃጩን በፊልተር ፕሬስ በመጭመቅ፣ የመግቢያና የመውጫ መጠኑን በየቀኑ በመመዝገብ ሠርቻለሁ።» ከመዝገብሽ ሁለት ቁጥር ጨምሪበትና መልሰሽ ላኪልኝ። የሦስቱን ሃይላንዶች ፎቶም አብረሽ ላኪው።