ዕቃውን ሳታውቁት አትፍቱት

ልጆቼ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ጋራዥ ገብታችሁ ሙያ የጀመራችሁ ሁሉ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

እኛ አገር አሮጌ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል፣ በፊትም በኋላም ጎማ የሚነዳ መኪና በቀላሉ አይጣልም። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ባለ ሰባ ቁጥሩ ላንድክሩዘር ዛሬም ደላንታና ቦረና ድረስ ይወጣል። ዕድሜ ያለው መኪና ግን ብዙ እጅ ያየ መኪና ነው። የፊቱ ዲፈረንሻል ከአንዱ፣ የኋላው ከሌላው ተፈቶ የተገጠመበት ያጋጥማችኋል። ሞተሩ ጋ ያለው ሰሌዳ የሚነግራችሁ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ነው። አሁን ከሥሩ ያለውን የሚነግራችሁ ዕቃው ራሱ ነው። ስለዚህ አደራ፣ ሳታረጋግጡ አትፍቱ፤ ባለመኪናውንም ዕቃ ግዛ ብላችሁ አትላኩት።

የምታረጋግጡት የዲፈረንሻሉን ሬሾ ነው፤ ጎማዎቹ አንድ ዙር ሲዞሩ ወደ ዲፈረንሻሉ የሚገባው ዘንግ ስንት ዙር እንደሚዞር ማለት ነው። ማረጋገጫው ከባድ አይደለም። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሱ። መሬት የቀሩትን በታኮ ያዙ። ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። ጎማው ላይና ወደ ዲፈረንሻሉ የሚገባው ረጅም ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ጎማውን ሙሉ ሁለት ዙር አዙሩ፤ ዘንጉን ሌላ ሰው ይቁጠር። ሁለት ያልኩት፣ አንዱ ጎማ ቆሞ ሌላው ሲዞር ዲፈረንሻሉ የሚዞረው ግማሹን ስለሆነ ነው። ዘንጉ ከአራት ዙር ትንሽ ካለፈ ሬሾው 4.11 ነው። ከሦስት ተኩል አልፎ አራት ሳይሞላ ከቆመ 3.7 ነው። የፊቱንም ሁለቱን ሀብ፣ የፊት ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዘውን መቆለፊያ፣ ቆልፋችሁ እንዲሁ ቁጠሩ። ፊትና ኋላ ካልተመሳሰሉ አስፋልት ላይ ምንም ላይታወቅ ይችላል። ዝናብ ዘንቦ ሹፌሩ የፊቱን ሲያስገባ ግን ሁለቱ ይጓተታሉ፤ ጭንቀቱም ኃይሉን ለፊትና ለኋላ በሚያካፍለው ትራንስፈር ላይ ያርፋል።

ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉት ትልቁ ጥርስ (ኮሮና) እና እሱን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ (ፒኞን) ተጣምረው የተሠሩ ናቸው። አንዱን ብቻ ቀይራችሁ ሌላውን አታስቀሩ።

መኪናው ሲነሳ «ቋ» ካለ መጀመሪያ ክሮቸራውን፣ የዘንጉን ባለ መስቀል መታጠፊያ፣ እዩ። ዘንጉን ከመፍታታችሁ በፊት መገጣጠሚያው ላይ ምልክት አድርጉ። በአንድ ጥርስ ከተዛባ መኪናው ፍጥነት ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቱም በከንቱ ጎማ ባላንስ ሲያስደርግ ይከርማል።

ስለ ውሃ ግን ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። ዳገት ቁልቁለቱን ሲፈጭ የዋለ ዲፈረንሻል ይግላል። በዚያው ትኩሳቱ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ፣ ዘይቱ እንዳይፈስ በሚከለክለው ኦይል ሲል በኩል ውሃ ይስባል። ስታወርዱት ዘይቱ ወተት እንደገባበት ቡና ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፤ ያ ዘይት ኩሽኔታ ይበላል። መተንፈሻው አክስሉ ላይ ያለች ትንሽ ቆብ ናት፤ ብዙ ሰው ልብ አይላትም። እሷን ሳታጸዱ ኦይል ሲል ብቻ ብትቀይሩ፣ ሲግል የሚገፋው አየር በአዲሱም በኩል ዘይት ያስፈሳል። የማፍሰሻውን ቡሎንም በጣታችሁ ዳስሱት። ለስላሳ ግራጫ ዝቃጭ ካለው አብሽሩ፣ የወትሮ ነው። ጣት የሚወጋ ስንጥር ብረት ካገኛችሁ ግን ክፈቱት።

የመጨረሻው ስለ ነፍሳችሁ ነው። ደሴ ሜዳ ቦታ እንደልብ አይገኝም። የአሮጌው ላንድሮቨር የእጅ ፍሬን ደግሞ ጎማ ላይ አይደለም፤ ከትራንስፈሩ ወደ ኋላ በሚወጣው ዘንግ ላይ ነው። ያንን ዘንግ ስትፈቱት ፍሬኑ የኋላ ጎማዎቹን መያዙ ያበቃል። አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ ብታነሱም፣ ዘንጉ ቆሞ ሳለ የተነሳው ጎማ ወደ አንዱ፣ መሬት ያለው ወደ ሌላው ዞረው መኪናው ቁልቁል ሊሄድ ይችላል። ባለመኪናው ቢቸኩልም፣ አለቃችሁ ቢቆጣም፣ ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም ታኮ ሳይገባላቸው፣ ከክሪኩ ሌላ ጠንካራ ድጋፍ ሳይቆም ከሥር እንዳትገቡ።