ስድስት በዘጠኝ ሲባዛ አርባ ሁለት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የዳግላስ አዳምስን «ዘ ሂችሃይከርስ ጋይድ ቱ ዘ ጋላክሲ» እና ተከታዩን መጽሐፍ አንብቤ ጨረስኩ። አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። ዲፕ ሶት የተባለው ግዙፍ ኮምፒዩተር ሰባት ሚሊዮን ተኩል ዓመት አስልቶ የሕይወት፣ የአጽናፈ ዓለምና የሁሉም ነገር መልስ 42 ነው ይላል። በሁለተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የመልሱ ጥያቄ ሲገኝ ደግሞ «ስድስት በዘጠኝ ሲባዛ ስንት ይመጣል» ሆኖ ቁጭ። 54 ነዋ! ጓደኛዬ «በቤዝ 13 ልክ ነው» ብሎ ድርቅ ብሏል። እውነቱን ነው?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የጓደኛዎ ሒሳብ ልክ ነው። የደራሲው ሐሳብ ያ ነው ካለ ግን ተሳስቷል። ሁለቱን ለይተን እንያቸው።

መጀመሪያ ሒሳቡን። ቤዝ የሚባለው ቁጥር ስንጽፍ በስንት በስንት እየሰበሰብን እንደምንቆጥር ነው፤ የለመድነው ቤዝ 10 ነው። 54 ብርቱካን አለዎት እንበል። አሥር አሥር በሚይዝ ሣጥን ቢያሽጉት አምስት ሣጥን ይሞላና አራት ይተርፋል። 54 ብለን የምንጽፈው ይህንኑ ነው፦ በአሥር ቤት 5፣ በአንድ ቤት 4። ሣጥኑ 13 የሚይዝ ቢሆንስ? አራት ሣጥን 52 ይወስዳል፣ ሁለት ይተርፋል። አሁን የአሥር ቤት የሚባል የለም፤ በቦታው የ13 ቤት ገብቷል። እዚያ 4፣ በአንድ ቤት 2፤ ሲጻፍ 42። ከብርቱካኑ አንድም አልጎደለም፣ የተለወጠው ሣጥኑ ነው።

ሌላ ቤዝ ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ከ54 ላይ 2 ይቀንሱ፣ የቀረውን 52 ለ4 ያካፍሉ። 13 ብቻ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጓደኛዎ ቁጥሩን ከሜዳ አላነሣውም።

በዚህ ሲጫወቱ የሚሳሳቱበት ቦታ አለ። በቤዝ 13 አሥር፣ አሥራ አንድና አሥራ ሁለት እያንዳንዳቸው የራሳቸው አንድ ምልክት ያስፈልጋቸዋል፤ የተለመደው ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚሉትን የላቲን ፊደላት መዋስ ነው። 13 ራሱ «10» ተብሎ ይጻፋል። ሰባት በዘጠኝ 63 ነው፤ አራት ሣጥን ሞልቶ 11 ይተርፋል፣ ስለዚህ «4ቢ» ይሆናል። የተረፈውን 11 እንዳለ አስጠግተው «411» ብለው ከጻፉ ግን በቤዝ 13 ያ 690 ማለት ነው። ከ63 እዚያ ድረስ መንገዱ ረጅም ነው። በኮምፒዩተር ማረጋገጥ ከፈለጉ የዊንዶውስ ካልኩሌተር አይረዳዎትም፤ የፕሮግራመር ክፍሉ ቤዝ 2፣ 8፣ 10 እና 16 ብቻ ነው የሚያውቀው። ኤክሴል ይሻላል፦ ከ2013 እትም ወዲህ ቤዝ የሚባል ፈንክሽን ስላለው በቅንፍ ውስጥ 54ንና 13ን ሲሰጡት 42 ያወጣል።

ወደ ደራሲው እንምጣ። አዳምስ ይህን ትርጓሜ ደጋግሞ ሰምቶታል፤ በቤዝ 13 ቀልድ የሚጽፍ ሰው እንዳልሆነ እየሳቀ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1993 በኢንተርኔት ለጠየቁት አንባቢዎች ደግሞ በግልጽ መለሰ፦ ነገሩ ቀልድ ነበር፤ መልሱ ተራ፣ ትንሽ ቁጥር እንዲሆን ፈለገ፤ 42 ይበቃል ብሎ ጻፈው። ቤዝ 13፣ የኮምፒዩተሩ ሁለትዮሽ ቁጥር፣ የቲቤት መነኮሳት እየተባለ የሚሰጠው ትርጓሜ ሁሉ ከአንባቢ የመጣ ነው።

«ደራሲው ባያስበውም ጽሑፉ ይፈቅዳል» የሚል ክርክር ይነሣል። እኛ ግን ጽሑፉም የሚፈቅድ አይመስለንም። ዲፕ ሶት መልሱን በአሃዝ አልጻፈም፤ በአፉ ነው የተናገረው። በእንግሊዝኛም እንደ አማርኛው «አርባ» የሚለው ስም ከአራት የወጣ፣ አራት አሥሮችን የሚጠራ ቃል ነው። አራት አሥራ ሦስቶችን አርባ ብሎ የሚጠራ ሰው የለም። ማሽኑ በቤዝ 13 አስልቶ ለሰሚዎቹ ቋንቋ ተርጉሞላቸው ነው ከተባለ ደግሞ በትክክል የተረጎመ ማሽን «ሃምሳ አራት» ይል ነበር። ያኔ ጥያቄና መልስ ይገጥሙና እንቆቅልሹ አብሮ ይጠፋል።

በታሪኩ ውስጥ ግን ምክንያቱ ተቀምጧል፤ ደራሲው ጮክ ብሎ ስለማይናገረው ብዙ አንባቢ ያልፈዋል። መልሱን ያሰላው ዲፕ ሶት ነው፣ ጥያቄውን እንድታሰላ የተሠራችው ግን ሌላ ማሽን ናት፤ ምድር። የምድር ፕሮግራም አሥር ሚሊዮን ዓመት የሚፈጅ ነበር፣ ነዋሪዎቿም የማሽኑ አካል ነበሩ። በመካከል ከጎልጋፍሪንቻም ፕላኔት የተባረሩ ፀጉር አስተካካዮች፣ የስልክ አፅጂዎችና መሰሎቻቸው በመርከብ መጥተው ሠፈሩባት፣ የጥንቶቹ ነዋሪዎችም አለቁ። ጥያቄው የወጣለት የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ አርተር ዴንት የእነዚያ መጤዎች ዘር ነው። ስለዚህ ከአእምሮው የወጣው ጥያቄ ባዕድ ነገር የገባበት ስሌት ውጤት ነው፤ የተሳሳተው ጥያቄው እንጂ 42 አይደለም። አዳምስ ትክክለኛ ሒሳብ ቢፈልግ «ስድስት በሰባት» ብሎ መጻፍ ይችል ነበር፤ ዘጠኝን የመረጠው እንዳይገጥም ነው።

በሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ሌላ መዝጊያ ጨምሮበታል፦ ጥያቄውና መልሱ በአንድ አጽናፈ ዓለም ውስጥ ሁለቱም ሊታወቁ አይችሉም። ይህ ግን ኋላ የመጣ ነው፤ የመጀመሪያውን ቀልድ ለማስረዳት ባንጠቀምበት እንመርጣለን።

ጥያቄ፦ አርተር ጥያቄውን ያገኘው ዓይኑን ጨፍኖ ከስክራብል (በፊደል ጠጠሮች ቃል የሚሠሩበት ጨዋታ) ከረጢት ፊደላት እያወጣ ነው። በእውነተኛ ስክራብል ይህ ዓረፍተ ነገር ይወጣል?
አንባቢ፣ ከዋሽንግተን

መልስ፦ ይወጣል፣ ግን ለጥቂት ነው። «ዋት ዱ ዩ ጌት ኢፍ ዩ መልቲፕላይ ሲክስ ባይ ናይን» በላቲን ፊደል ሲጻፍ 34 ፊደል ነው። የእንግሊዝኛው ስክራብል 100 ጠጠር አለው፤ ከእነዚህ ሁለቱ ባዶ ናቸው፣ የፈለጉትን ፊደል ይተካሉ። ዓረፍተ ነገሩ ዋይ የሚለውን ፊደል አራት ጊዜ ይጠይቃል፤ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ሁለት ብቻ ነው። ሁለቱ ባዶ ጠጠሮች በዚያ ያልቃሉ። ኤክስ በሳጥኑ አንድ ብቻ ናት፣ እሷም «ሲክስ» ላይ ትገባለች። ሌሎቹ ፊደላት ሁሉ ይበቃሉ። ዓረፍተ ነገሩ አንድ ተጨማሪ ዋይ ቢጠይቅ ኖሮ አይሠራም ነበር። አርተር የተጠቀመው ግን በእጁ የሠራውን ስክራብል ስለሆነ በዚህ ቁጥር አይታሰርም።

ጥያቄ፦ በመጀመሪያው መጽሐፍ ከሰማይ የሚወድቀው የፔቱኒያ አበባ ድስት «ኧረ ደግሞ እንደገና!» የሚል ነገር ያስባል። ለምን?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ሦስተኛውን መጽሐፍ ያንብቡ። አግራጃግ የሚባለው ፍጡር እስኪመጣ ይታገሡ፤ ከዚህ በላይ ብንናገር እናበላሽብዎታለን።

ጥያቄ፦ መጽሐፉን በአማርኛ ለመተርጎም እየሞከርኩ ነው። 42ን በግዕዝ ቁጥር ፵፪ ብዬ ባስቀምጠው ያምር ይሆን?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ለዓይን ያምራል። በግዕዝ ቁጥር ከመቶ በታች የቦታ ዋጋ የለም፤ ፵ የትም ቢቀመጥ አርባ ነው፣ ዜሮም የለም። ስለዚህ የቤዝ 13 ክርክር በ፵፪ ላይ ከነአካቴው ሊነሣ አይችልም፤ አራት አሥራ ሦስቶችን በ፵ መጻፍ አይቻልም። ይህ ጥቅም ነው ወይስ ጉዳት? እንግሊዝኛውን ያነበቡት አንባቢዎችዎ በዚህ ቁጥር ሲጨቃጨቁ የኖሩ ናቸው፣ ጭቅጭቁን ባይነፍጓቸው ይሻላል። ዲፕ ሶት ሲናገር «አርባ ሁለት» ብለው በፊደል ይጻፉ፤ የአርተር ጠጠሮች ሲደረደሩም «ስድስት» እና «ዘጠኝ» በፊደል ይሁኑ፣ ከከረጢቱ የሚወጡት ፊደላት ናቸውና። የምዕራፍ ቁጥር ላይ ግዕዙን እንዳሻዎ።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ያስቡበት፦ ላቲኑ አናባቢውን ለብቻው ስለሚጽፍ በ34 ጠጠር የተጻፈው ጥያቄ በእኛ ፊደል በጣም ያጥራል። «ስድስት በዘጠኝ ሲባዛ ስንት ይመጣል» 18 ፊደል ብቻ ነው። አርተር ፊደል በፊደል እያወጣ አንባቢን የሚያንጠለጥልበት ትዕይንት በግማሽ ይቀንስብዎታል፤ ዓረፍተ ነገሩን ረዘም አድርገው ይጻፉት።